የባልና ሚስት የጋራ ገንዘብ አያያዝ (ላስታ)

የባልና ሚስት የጋራ ገንዘብ አያያዝ፣ ተጋቢዎች የቤታቸውን ገቢ፣ ወጪ፣ ቁጠባና ብድር ተመካክረው የሚመሩበት ሥርዓት ነው። በአማራ ክልል፣ በላስታ ደጋ መሠረቱ የሰማንያ ጋብቻ ነው፤ በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሲፋቱ አብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋራ ሀብትን መርሕ አጽንቷል። የሁለቱንም ስም የሚይዘው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ደግሞ ሚስት በመሬቱ ላይ ያላትን ድምፅ አጠናክሯል፤ ለገጠሩ ቤት ከሕጉ አንቀጾች ይልቅ የሚጨበጠው ይህ ደብተር ነው።

የገበሬው ገቢ ወቅት ይጠብቃል። ገብስና ስንዴ ከመኸር በኋላ ይገባሉ፤ በግና ፍየል እንደ ተቀማጭ ተይዘው ሲቸግር በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ይሸጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ ከባዱ የቤት ውሳኔ ምን ያህል እህል ተሸጦ ምን ያህል ለዘርና ለቀለብ ይቀመጥ የሚለው ነው፤ አንዱ ሳያማክር ቢሸጥ ጉዳቱ በክረምት ይታያል። በላሊበላ ከተማ በአስጎብኚነትና በሆቴል ሥራ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ገቢ በገና ሰሞን ይበዛል፤ የ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝና በ2013 ዓ.ም. ላሊበላ የደረሰው ጦርነት ግን ይህን ምንጭ አድርቀውት ነበር።

ቁጠባ በዕቁብ፣ እንዲሁም ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ባንክነት በተሸጋገረው ፀደይ ባንክ ይከናወናል፤ የቀብር ወጪን ዕድር ይሸፍናል።