ካሳን ለቋራ ልጆች

ካሳን እሆናለሁ የሚል ልጅ አጥቼ አላውቅም። የሚጠፋው ጠላቱን፣ ግብፃዊውን፣ የሚሆን ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ታሪክ እያስተማርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የድራማ ክበብ እየመራሁ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። የቋራው ካሳ፣ የኋላው አጼ ቴዎድሮስ፣ ታሪክ እዚህ እንደ ማሽላ ከየቤቱ አይጠፋም። ልጆቹ ወደ ክበቡ የሚመጡት ታሪኩን ከእኔ ሊማሩ አይደለም፤ ከአያታቸው የሰሙትን ተቀብዬ እንደሆነ ሊፈትኑኝ ነው። ወላጆች የሚታደሙበት ቀንማ ይብሳል፤ ካሳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል አዳራሹ ያጉረመርማል።

ይህ አመል የእነሱ ብቻ አይደለም። ታሪኩን በሰሚው ልክ መስፋት የተጀመረው በራሱ በካሳ ዘመን ነው። ፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ከምሥራቅ ተነሥቶ እንደሚነግሥ ይናገራል። መሳፍንቱ ያስመረሩት ሕዝብ ያን ስም ሲጠብቅ ኖሯል። ካሳ ግን ከፀሐይ መግቢያ፣ ከሱዳን ጠረፍ የወጣ ቆለኛ ነው። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ አቡነ ሰላማ ሲቀቡት ቴዎድሮስ ተባለ፤ አቅጣጫው ብዙም አላጨቃጨቀም። የትውልዱ ነገርም እንዲሁ ነው። ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት የነበረው ሰው፣ ከነገሠ በኋላ ሐረጉ እስከ ሰሎሞን ተቆጠረለት። ሕዝቡ የሚጠብቀውን ንጉሥ ያውቃል፤ ካሳም ሕዝቡ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎችም በየዘመናቸው አንባቢ ልክ ሰፍተውታል። ደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕሉን በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ጻፈው፤ ንጉሡንም ይወደዋል። አለቃ ወልደ ማርያም ሲጽፉ ፊታቸውን አጥቁረውበታል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት ሲያወጣ፣ የአገር አንድነት ናፋቂ ጀግና ሆኖ መድረክ ላይ ቆመ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የታንጉት ምሥጢር»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በተውኔቱ ይህንኑ ሰው እንደገና ሠሩት። አልቀየማቸውም፤ እኔም በቾክ የማደርገው ያንኑ ነው። ቅር የሚለኝ ከከተማ አንባቢ ልብ ውስጥ የቀሩት ቦታዎች ደረስጌና መቅደላ መሆናቸው ነው። ስለ ደባርቂ ብትጠይቁት ሰሜን ተራራ ሥር ያለውን ደባርቅን ያሳያችኋል።

ደባርቂ ከጠረፉ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ነው። የካሳ ዘመድ ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ወድ ካልታቡ ላይ ግብፆችን ድል አድርጎ ነበርና፣ ካሳም በ1840 ዓ.ም. ጦሩን ይዞ ወደዚያው ወረደ። ጠላት ግን ምሽግ ይዞ፣ መድፍ ጠምዶ፣ በአንድ ትእዛዝ የሚተኩስ ወታደር አሰልፎ ጠበቀው። ጋሻና ጦር ይዞ የሮጠው ሰው እሳት ውስጥ ገባ። ካሳ ተሸነፈ። በኋላ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ሰብስቦ መድፍ ያስቀለጠው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ያስጎተተው ንጉሥ፣ በእኔ ግምት እዚያ ቆላ ላይ ነው የተወለደው። ታዲያ ይህን አውጥቼ ለልጆቹ የቱን ታሪክ ልተውላቸው ነው?

መጀመሪያ ሽንፈቱን መድረክ ላይ እናሳይ ስል፣ አንድ የቋራ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ እኔ ካሳ ሆኜ አልሸሽም» አለኝ። ቁርጥ ነው። በትእዛዝ ማስገደድ እችል ነበር፤ ግን ካሳን እያለቀሰ የሚጫወት ልጅ ማንን ይጠቅማል? መፍትሔው የመጣው ከራሳቸው አፈ ታሪክ ነው። ካሳ ከዘመቻው ቆስሎ ሲመለስ ሐኪሙ ላም ጠየቀ፣ የጎንደሯ ገዢ እቴጌ መነን ግን አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ላኩ ይባላል፤ ሚስቱ ተዋበችም በዚህ ተቆጥታ ሸፍት አለችው። ይህን ትዕይንት የማይወድ የለም፤ እናቶች እንኳን ሥጋው ሲመጣ ከወንበራቸው ይነሣሉ። እኔም ድራማውን ከቁስሉ ጀመርኩት። ሥጋውን የፈለገ ቁስሉን ይቀበል፤ ቁስሉን የተቀበለ ደግሞ ማን አቆሰለው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያ ልጅ ታዲያ አልጋ ላይ ተኝቶ ስለ መድፉ ሲናገር ሁሉም ዝም ብሎ ሰማው። ሳይሸሽ ተሸነፈልኝ።

አሜሪካ ያደገው የወንድሜ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀ። እነሱ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ታትሞ በተሸጠ ምናባዊ ዓለም ውስጥ እያንዳንዱ አንድ ሰው ሆኖ የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው፤ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይሉታል፤ መጀመሪያ የወጣው በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጨዋታውን የሚመራው ሰው መጽሐፉ የሚለውንና ተጫዋቾቹ የሚጠብቁትን ሲያስታርቅ ያመሻል አለኝ። ልዩነታችን እሱ መጽሐፉን ቢለውጥ የሚከሰው አለመኖሩ ነው። እኔ ግን የካሳ ዘመድ ነኝ የሚል ሽማግሌ ፊተኛው ወንበር ላይ ይጠብቀኛል።

መተማ ላይ ሥራው ይከብዳል። ከተማዋ መተማ ዮሐንስ ትባላለች፤ አጼ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ በጥይት የተመቱት እዚያ ነው። ጦራቸው እያሸነፈ ነበር፤ የንጉሡ መመታት ሲሰማ ተፈታ፤ አንገታቸውም ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ክበቡ የዮሐንስ ድራማ ጥይቱ ሳይመጣ እንዲዘጋ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ እምቢ ብያለሁ። ጦሩ ምሽጉን ሲጥስ የፈለጉትን ያህል ይጨፍሩ፤ ከበሮውንም እኔ አመጣለሁ። ጥይቱ ግን ይመጣል፤ ተኳሹን የሚሆነውንም ልጅ በዕጣ እናወጣለን።