ከአሸዋ የወጣችው መኪና

ጆን ፓሪ ቶማስ የተባለው የዌልስ መሐንዲስ፥ ባለቤቷ የሞተባትን የእሽቅድምድም መኪና ገዝቶ አሻሻላትና «ባብስ» ብሎ ሰየማት። የተገጠመላትም 27 ሊትር የሚይዝ የአይሮፕላን ሞተር ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. በፔንዳይን የባሕር ዳርቻ በሰዓት 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘ። በ1927 ሌላ ሰው ስለ በለጠው፥ ክብሩን ለማስመለስ ሲሞክር መኪናዋ ተገልብጣ ሕይወቱ አለፈ። ባብስም በዚያው አሸዋ ውስጥ ተቀበረች።

ከ42 ዓመት በኋላ በ1969 ኦወን ዊን ኦወን የተባለ የባንጎር ቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ሊያወጣት ተነሣ። ከአካባቢው ሰዎች አንዳንዶቹ ነገሩን ባይወዱትም ፈቃድ አግኝቶ አስቆፈራት። ብረቷን ዝገት በልቶት ነበር። መምህሩ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ የሚድነውን ጠገነ፤ የማይድነውን በአዲስ ተካ፤ 15 ዓመት ያህልም ደክሞ እንደ ቀድሞዋ እንድትነዳ አደረጋት።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? የተሰበረ መኪና በዕውቀትና በትዕግሥት ይጠገናል፤ የሰው ሕይወት ግን መለዋወጫ የለውም። ስለዚህ የእጅ ሥራ የምንማር ሁሉ ከፍጥነት አስቀድመን ጥንቃቄን እንማር።