ነባር ሕንፃን ለሙዚየም ማዋልና ማስፋፋት፦ ደሴና ኮምቦልቻን መነሻ ያደረገ መረጃ

በኢትዮጵያ በርካታ ሙዚየሞች የሚገኙት ለሙዚየም ተብለው ባልተሠሩ ነባር ሕንፃዎች ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ሙዚየም በራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የደሴ ሙዚየም ደግሞ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ይገኛሉ። በደሴ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽም የአካባቢው ታላቅ የሕንፃ ቅርስ ነው።

የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ስለሆነም ሕንፃውን የመጠገንና የማስፋት ጉዳይ የጠፉ ቅርሶችን ከመመለስ ተለይቶ አይታይም።

የማስፋፊያ ሥራ መርሆች

በጎርጎርዮሳዊው 1964 የጸደቀው የቬኒስ ቻርተር ጭማሪ ግንባታ የነባሩን ሕንፃ ጠቃሚ ክፍሎች፣ ሚዛንና አካባቢ እንዳያውክ ይጠይቃል። ለጥገና የግድ የሚያስፈልግ አዲስ ሥራም የዘመኑን መልክ ይዞ ከነባሩ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። በመሆኑም ዘመናዊው ክፍል ጥንታዊ መስሎ መሠራት የለበትም፤ ነባሩንም መጋረድ አይገባውም።

በተግባር፣ ለቅርስ ማከማቻ፣ ለጥገና ክፍል፣ ለመጸዳጃና ለአካል ጉዳተኞች መወጣጫ የሚሆነው ቦታ በአዲሱ ክፍል ቢዘጋጅ ነባሩ ሕንፃ ከመፈልፈልና ከጫና ይድናል። የብራና ጽሑፎችና ጨርቃ ጨርቅ በሚታዩበት ክፍል ብርሃን ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥ ይመከራል። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ የክረምት እርጥበትን አፍኖ ስለሚይዝ በኖራ መለሰን ይመረጣል።

ፈቃድ

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንኛውም የቅርስ ጥገናና እንክብካቤ ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶች ብሔራዊና ክልላዊ ተብለው ስለሚመደቡ፣ የቤት ባለቤቶችና ሥራ ተቋራጮች ግንባታ ከመጀመራቸው በፊት የቅርሱን ምደባ ማጣራት ይጠበቅባቸዋል። ማመልከቻ ሲዘጋጅ የሕንፃውን ነባራዊ ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ የልኬት ፕላንና የታቀደውን ሥራ ዝርዝር መያዝ ጉዳዩን ለመመርመር ያግዛል።

የዜጎች ድርሻ

በመሠረት ቁፋሮ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በእርሻ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰው ቅርሱን ሳያንቀሳቅስና ሳያበላሽ ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ከሙዚየም የወጣ መሆኑ የሚጠረጠር ዕቃ ያየ ወይም በእጁ የገባ ዜጋም ለአቅራቢያው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ማስታወቅ ይገባዋል። ዕቃውን ማጠብ፣ መወልወል ወይም መጠገን ምንነቱን የሚያስረዱ ምልክቶችን ሊያጠፋ ስለሚችል እንዳለ ማስረከብ ያስፈልጋል። ሕንፃው ቢታደስና ቢሰፋም፣ ሙዚየሙ ሙሉ የሚሆነው የተወሰዱት ቅርሶች ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ነው።