«ማንን ፈልገህ ነው፣ ልጄ?»፦ በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የጨዋነትና የጸጥታ ታሪክ



ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ እሪ በከንቱ በሚል ስም የሚታወቅ ነባር ሰፈር አለ። የስሙ አመጣጥ ሲተረክ፣ በዚያ ስፍራ ቀማኛ የያዘው መንገደኛ «እሪ!» ብሎ ቢጮህ ደራሽ ስለማያገኝ ጩኸቱ በከንቱ ይቀር ነበር ይባላል። ትረካው እውነተኛውን ምክንያት ይናገር አይናገር የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። እኔን የሚስበኝ በስሙ ውስጥ የተቀበረው ግምት ነው። አንድ ሰፈር እሪታ በከንቱ የሚቀርበት ተብሎ ከሌሎቹ ተለይቶ የተሰየመው፣ በሌሎቹ ዘንድ እሪታ በከንቱ እንዳይቀር ስለሚጠበቅ ነው። ስሙ ነውሩን በመመዝገብ ደንቡን ይመሰክራል።

ዛሬ ጸጥታ ሲባል ሐሳባችን ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጨዋነት ሲባል ወደ እናቶቻችን ምክር ይሄዳል። አንደኛው የመንግሥት፣ ሌላው የአስተዳደግ ጉዳይ ሆኖ ይታየናል። የእኔ ክርክር በነባሮቹ ሰፈሮች ሁለቱ ለረጅም ዘመን አንድ ሥራ ነበሩ የሚል ነው። ሰላምታው፣ ጥየቃው፣ የቡናው ጥሪ፣ ሰፈሩ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚያውቅባቸው መንገዶች ነበሩ። ይህን የምለው የቀድሞውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። ይኸው ዕውቀት ሰው ያድን እንደነበረ ሁሉ ሰው ለማስያዝም ውሏልና።

«ሰፈር» የሚለው ቃል ከ«ሰፈረ» የመጣ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው ቦታ ተመርተው፣ ሠራዊታቸውና አገልጋያቸው በዙሪያቸው ሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር ስማቸውን ከዚህ አገኙ፤ ሠራተኛ ሰፈርን የመሰሉት ደግሞ ከነዋሪዎቻቸው ሙያ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የከተማዋ መቶኛ ዓመት ምክንያት ሆኖ በተካሄደው ጉባኤ ስለ ቀደምት ሰፈሮች ያቀረቡት ጥናት የዚህን አመሠራረት ዓይነቶች ለይቶ ያሳየ ስለሆነ፣ ያላነበባችሁት ከዚያ ጀምሩ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ገደል ነበረ፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ። የአራዳ ዘበኛ ቢቋቋምም ዓይኑ በገበያው አካባቢ ላይ ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው ነዋሪ የሚጠበቀው በጌታው ጥላ ሥርና በጎረቤቱ ጆሮ ነበር።

ወደ ከተማዋ የገባው ሕዝብ ከገጠር ይዞት የመጣው አንድ ልማድ እዚህ ላይ መነሣት አለበት፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ፣ ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ መበተን የለም፤ ካልወጣም ዕዳው በሁሉም ላይ ይከፋፈላል። ብዙ ጊዜ ስለ አፈርሳታ ሲጻፍ የፍትሕ ሥርዓትነቱ ይጎላል። እኔ የማተኩርበት በሰላሙ ቀን ያስከትል በነበረው ልማድ ላይ ነው። ነገ በማላውቀው ሌባ ምክንያት የምከፍል ከሆነ፣ ጎረቤቴ ቤት ማን እንዳደረ ዛሬ ማወቅ ይጠቅመኛል። ይሁንና ጎረቤትን እንደ ተጠርጣሪ እየመረመሩ አብሮ መኖር አይቻልም። ስለዚህ ምርመራው የአክብሮት ልብስ መልበስ ነበረበት።

የሰፈሩ አቀማመጥ ለዚህ የተመቸ ነበር። የባለርስቱ ሰፊ ቤት መሐል ላይ፣ በዙሪያው የተከራይና የአገልጋይ የጭቃ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው፣ ለብዙ አባወራ አንድ የግቢ በር፣ አንድ መጸዳጃ፣ ከደጅ አንድ ቦኖ ውኃ። እንዲህ ባለው ግቢ ደጃፍ የደረሰ ሰው ዝም ብሎ አይዘልቅም። «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። መላሹ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አይናገርም፤ «እኔ ነኝ» ብሎ ድምፁን ያሰማል። ድምፁ ከታወቀ «ይግቡ» ይባላል፤ ካልታወቀ አንድ ሰው ወጥቶ ያየዋል። ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ሲል፣ የገባውም «በእግዜር» ሲል፣ ክብር ተሰጥቷል፤ ግን ደግሞ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ የገባውን ሰው ፊት አይቷል። እሳት ለመጫር ገል ይዞ ወደ ጎረቤት የሚላክ ልጅ ፍም ብቻ ይዞ አይመለስም፤ እዚያ ቤት ማን ታሞ እንደተኛ፣ ማን ከክፍለ ሀገር እንደመጣ ይዞ ይመለሳል። በማለዳ ጭስ ያልታየበት ቤት «ምን ሆናችሁ አደራችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር መግቢያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ ደርድረው የሚሸጡ አንዲት የጉልት ነጋዴ ነበሩ። ፊቱን የማያውቁት ሰው ሲያልፍ «ማንን ፈልገህ ነው፣ ልጄ?» ይላሉ። እንደ ታሪክ ባለሙያ ይህችን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመላልሼባታለሁ። «ልጄ» የሚለው ቃል መንገደኛውን ከመጠየቁ በፊት ዘመድ ያደርገዋል። «ማንን» የሚለው ደግሞ በሰፈሩ ውስጥ የሚያውቀው ሰው እንዳለ አድርጎ ይገምትለታል። ቅን ሰው ከሆነ መንገድ የሚመራው ልጅ ወዲያው ይጠራለታል። ክፉ አስቦ ከመጣም መታየቱን አውቆ ይመለሳል፤ የሰደበው፣ የከሰሰውም የለም። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ መልሱ ይለያቸዋል። ልጁም ቢሆን ነፃ አልነበረም፤ ማንኛውም አዋቂ መሬት ላይ እንትፍ ብሎ «ምራቄ ሳይደርቅ ተመለስ» እያለ ይልከዋል፤ ሲያጠፋ ካየውም የማንም ልጅ ቢሆን ይቆጣዋል። በዚህ ምክንያት ሰፈሩ ከጠዋት እስከ ማታ በሚሮጡ ትንንሽ እግሮች ይታሰስ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ይህ ጥበቃ ለማን ነበር? አንቱ የሚባል ነበረ፣ አንተ የሚባል ነበረ፣ ከነጭራሹ የማይጠራም ነበረ። ደጃች ውቤ ሰፈር በመጠጥ ቤቶቹ በገነነበት ዘመን በዚያ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ሲጮኹ ጩኸታቸው «የጠጪ ጠብ» ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። በቤቷ ውስጥ በባሏ የምትደበደብ ሚስት ኡኡ ስትል ጎረቤት በርግጥ ይደርሳል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ «የባልና የሚስት ነው» ተብሎ፣ እሷ ትዕግሥት ተመክራ፣ በሩ ይዘጋል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ አለመርዳትን በወንጀልነት ደንግጎ ነበር። ሕጉ የሚያየው ግን ያልደረሰውን ጎረቤት ነው፤ ደርሶ ሴቲቱን ወደ ዱላው የሚመልሰውን አይደለም። በእንዲህ ያለው ቦታ ጨዋነት ለዝምታ የተሰጠ ሌላ ስም ነበር ብል አላጋነንሁም።

ከጨዋነት ወደ ተጻፈ ደንብ የተሸጋገረው ዕድር ነው። አመጣጡ ያከራክራል፤ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን በከተማዋ መስፋፋቱ ግን አያከራክርም። ከመንደሩ ዘመድ የራቀ ከተሜ ሬሳውን ማን ያነሣለታል የሚለው ጭንቀት የወለደው ነው። ጡሩምባ ነፊው በንጋት ሲለፍፍ አባሉ ይወጣል፤ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ያልመጣ ይቀጣል። ሐዘንተኛው ቤት በእነዚያ ቀናት በሩ ክፍት ነው፤ ሌት ግን ብቻውን አያድርም። ያየኋቸው አንዳንድ የዕድር መዝገቦች ከቀብር ያለፈ ነገር ይዘዋል፤ አባላት ተጣልተው የታረቁበትን፣ የእሳት አደጋ ለደረሰበት የተዋጣውን፣ ተጠርቶ የቀረው የተቀጣውን። የወንጀል መዝገብ የፈረሰውን ሰላም ይመዘግባል። ሳይፈርስ የቆየውን ሰላም በጽሑፍ የማገኘው ከእነዚህ ውስጥ ነው።

የሰፈር ጥበቃ ገደቡ መንግሥት ራሱ አጥቂ ሲሆን ይታያል። ይህ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ሲቃጠሉ ታይቶ ነበር። ያኔ ግን አጥቂው ከውጭ የመጣ ነበረ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የሆነው ከዚህ ይለያል። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራይ ከጌታው ጫና ተላቀቀ። ለብዙ ድሀ ቤተሰብ፣ የእኔን ጨምሮ፣ ማንም የማያስወጣን ቤት ማለት ይህ ነበር፤ ይህንን የሚያቃልል ታሪክ ጸሐፊ የቀበሌ ቤት ኖሮበት አያውቅም። ብዙ ሳይቆይ ግን ቀበሌው የፍርድ ሸንጎ፣ የኅብረት ሱቅና የአብዮት ጥበቃ ጓድ ያለው ትንሽ መንግሥት ሆነ። ሰዓት እላፊ መጣ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በከተማዋ የቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ።

አሳሹ በቂ ኃይል ነበረው፤ የጎደለው ዕውቀት ነበር። ዕውቀቱ ደግሞ በሰፈሩ ውስጥ ነበረ። ማን ቤት ማን እንዳደረ፣ የማን ልጅ ከየትኛው ጓደኛው ጋር እንደሚያመሽ፣ በየትኛው አጥር በኩል ወደ ጓሮ እንደሚዘለቅ፣ ትውልዶች በሰላምታና በቡና ያከማቹት ሁሉ አሁን የሚጠየቅ ማስረጃ ሆነ። «እንግዳ መጣላችሁ እንዴ?» የሚለው የደግ ጎረቤት ጥያቄ ቃሉ ሳይለወጥ የሚያስፈራ ሆነ። የነጻ እርምጃ ሰለባ ለሆነ ወጣት ጎረቤት ደፍሮ ማልቀስ እንኳ የማይችልበት ጊዜ መጣ፤ የለቅሶ ማኅበር ለሆነው ዕድር ከዚህ የከፋ ምን ይኖራል? ነገር ግን ይኸው ዕውቀት በተቃራኒውም ሠርቷል። «አላየሁም» ያሉ እናቶች፣ በጋራ ግድግዳ በኩል ሰው ያሸሹ ጎረቤቶች ነበሩ። ማን አስያዘ፣ ማን ሸሸገ የሚለው በየሰፈሩ እስከ ዛሬ ይታወቃል፤ ግን አይነገርም። የ1970ዎቹ የሰፈር ጨዋነት ብዙው የተገነባው በዚህ ባለመናገር ላይ ነው። ገዳይና ሟች ቤተሰብ በአንድ ቦኖ ውኃ ሲቀዳ፣ «እንዴት አደራችሁ» መባባል ከባድ ሥራ ነበር።

ወደ ቅርቡ ልለፍ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሰዎችን በዕጣ አጎራበተ። የየራሱ መጸዳጃ፣ የየራሱ ቧንቧ፣ የማያፈስ ጣሪያ ያገኘ ሰው ለምን ደስ አለህ አይባልም። ሆኖም ውኃ መቅዳትም እሳት መጫርም ስለቀረ፣ የሚተያዩበት ምክንያት አብሮ ቀርቷል። ጥበቃው ለተቀጣሪ ዘበኛ ተሰጥቷል፤ ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቃል እንጂ «ልጄ» አይልም። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ወደተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ተበተነ። ስለ ካሳው፣ ስለ ቤቱ ስፋት፣ ስለ መንገዱ ውበት ተነጋግረናል። ያልተነጋገርንበት አንድ ነገር አለ፤ ሰዎች የተነሡት በየቤታቸው ተቆጥረው እንጂ በየሰፈራቸው ተቆጥረው አይደለም። አንድ ዕድር የነበሩ ጎረቤቶች በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ግቢ ቢመደቡ ኖሮ ወጪው በምን ያህል ይጨምር ነበር? ይህ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ ለእቅድ ባለሙያ ባልደረቦቼ ልተወው።

አሁን አንዳንዱ ዕድር ገንዘቡን ተከፋፍሎ ፈርሷል። አንዳንዱ አባላቱ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ለቀብር ይገናኛሉ። ድንኳኑና ድስቱ ገዢ ያገኛል፤ መዝገቡ ግን የሚፈልገው የለም፤ በጸሐፊው ቤት አልጋ ሥር ተቀምጦ፣ ጸሐፊውም አርጅተው፣ የሚጠፋበት ቀን ቀርቧል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከክረምቱ በፊት ብትንቀሳቀሱ እመክራለሁ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡ፤ ዋናው መዝገብ ከባለቤቶቹ እጅ እንዳይወጣ። የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ገጾች ላይ ስትደርሱ ስሞችን ከማተማችሁ በፊት ለዕድሩ ሽማግሌዎች አሳዩ፤ የሁለቱም ወገን ልጆች በሕይወት አሉና።