ገና በሰሜን ወሎ

ገና (በዓለ ልደት) የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት የሚታሰብበት በዓል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያትም በዚሁ ዕለት ይፈታል። በሰሜን ወሎ ከራያ ቆቦ ቆላ እስከ ላስታ ደጋ ያለው ምእመን ለበዓሉ የሚተመው ወደ ላሊበላ ነው።

የቀኑ ነገር

በዓሉ ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ቀን አይውልም። በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። የሊቃውንቱ ምክንያት የፅንሰት ቆጠራ ነው። ጌታ መጋቢት 29 ቀን ተፀንሶ ከ9 ወር ከ5 ቀን በኋላ ተወለደ ስለሚባል፣ ቆጠራው 275 ቀን ይሆናል፤ አምስቱ ቀን ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው 276 ይሞላል። ትርፏን ቀን ለማስቀረት በዓሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይከበራል። ስለዚህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዚህ ዘመን ከጥር ወራቸው 7ኛ ቀን ፈቀቅ አይልም።

በላሊበላ ነገሩ ይወሳሰባል። ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላም የተወለደው ታኅሣሥ 29 እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ ሁለቱ ልደታትም አብረው ይከበራሉ። የጌታ ልደት 28 ሲውል ግን የንጉሡ ልደት መቼ ይውላል የሚለው ጥያቄ በየአራት ዓመቱ ይነሣል። የንጉሡ ገድል ሕፃኑ ላሊበላ ሲወለድ ንብ እንደከበበው ይተርካል። ይሁንና ገድሉ የተጻፈው ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ ስለሆነ፣ የልደቱን ቀን ከበዓሉ ጋር ያጋጠመው ታሪክ ይሁን የኋላ ሰዎች አክብሮት በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። ለተሳላሚው ግን የሁለቱ ልደት አንድ መሆን የላሊበላን ገና ከሌላው አገር ገና የሚለየው ዋና ነገር ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ቤዛ ኩሉ

ሌሊቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ካለፈ በኋላ፣ ጠዋት በላሊበላ በቤተ ማርያም ቅጥር ቤዛ ኩሉ የተባለው ዝማሬ ይቀርባል። ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ከፊሉ ግቢውን በከበበው የዐለት አፋፍ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ላይ ይሰለፋል፤ ከፊሉ ታች ይቆማል። ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ነጭ ለብሰው ጥምጥም የጠመጠሙት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በከበሮው ምት ጎንበስ ቀና እያሉ ዜማውን ይቀባበላሉ። አፋፉ ጠባብና ገደል ስለሆነ እዚያ ላይ በአንድነት መወዝወዝ ልምድ ይጠይቃል።

ተሳላሚዎች ከራያ

ቆቦ ከወልዲያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች፤ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከቆላው የሚነሳው በመኪና በወልዲያና በጋሸና ይዞራል፤ በሙጃ በኩል አቋርጦ የሚወጣም አለ። በእግር የሚጓዘው ጾም ስለሆነ በሶና ዳቦ ቆሎ ይቋጥራል፤ በስለት ባዶ እግሩን የሚሄድም አለ። የላሊበላ ሰዎች የመጣውን እንግዳ በውሃ እግሩን አጥበው ይቀበሉታል።

ወደ ላሊበላ ያልወጣው በየአጥቢያው ያስቀድሳል። ሙስሊም ጎረቤት ለሚጠራበት ድግስ ለብቻው በሙስሊም እጅ የታረደ ይዘጋጃል፤ ይህ በወሎ የቆየ ልማድ ነው።

የገና ጨዋታ

የገና ጨዋታ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር የተባለች ኳስ የምትመታበት የወንዶች ጨዋታ ነው። እረኞች የልደቱን ዜና ሰምተው በደስታ ተጫወቱት ይባላል። ሹምና ተራ ሰው በእኩል ይሰለፋሉ፤ በዱላ ወይም በሩር የተመታም ቂም አይዝም።