ምልክቱ ያለ ትርጉሙ

ሒሳብ የትርጉም ሥራ ነው ወይስ የምልክት ማቀያየር? ጀርመናዊው ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት ከቪልሄልም አከርማን ጋር እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ፣ የማንኛውም ቀመር ትክክለኛነት በተወሰነ ደንብ ብቻ ተለይቶ ይታወቅ ዘንድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

እንግሊዛዊው አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 የተነሣው ከተራ ነገር፣ በወረቀት ላይ ከሚያሰላ ሰው ነበር። በጥብጣብ ላይ አንድ ምልክት የሚያነብ፣ የሚሰርዝ፣ የሚጽፍ፣ አንድ እርምጃ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ በሐሳቡ ሠራ። የሐሳቡ ድፍረት ይህ ነው፤ መሣሪያው የሚጽፈውን ሳይረዳ፣ ሰው ደንብ ተከትሎ የሚያሰላውን ሁሉ ያሰላል።

ዳሩ ግን ሌላው መሣሪያ ዜሮን ይጽፍ ወይም አይጽፍ እንደሆነ ሁልጊዜ ለይቶ የሚናገር መሣሪያ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። ለሂልበርት ጥያቄ የተገኘው መልስ፣ አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርችም በዚያው ዓመት በሌላ መንገድ እንደደረሰበት፣ «አይቻልም» የሚል ሆነ።