ቢያ፣ ላ ቬ፣ ቢያ ንጓይ

ሃኖይ ውስጥ ቫን ሚየው በሚባለው ጥንታዊ የሊቃውንት ቤተ መቅደስ ግቢ፣ 82 ሐውልቶች በድንጋይ ኤሊዎች ጀርባ ላይ ቆመዋል። ከ1442 እስከ 1779 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በተሰጡ የቤተ መንግሥት ፈተናዎች ያለፉ ሰዎች ስም ተቀርጾባቸዋል። ቬትናሞች እንዲህ ያለውን ሐውልት «ቢያ» ይሉታል። ከግቢው ወጥቶ መንገድ ዳር፣ አጭር የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠጡትም «ቢያ» ነው። አጻጻፉም አነባበቡም አንድ ነው። የሐውልቱ ቢያ ከቻይንኛ የተወረሰ ሲሆን የመጠጡ ደግሞ የቅኝ ገዢዎቹ ፈረንሳዮች «ቢየር» ነው።

ቬትናም መጠጥ አጥታ አልነበረም፤ ከሩዝ የሚጠመቅና የሚወጣ የራሷ መጠጥ ነበራት። ቢራ ግን ገብስ ይፈልጋል፣ ሆፕ ይፈልጋል፣ ቅዝቃዜም ይፈልጋል። ሦስቱም በሞቃቱ አገር ስላልነበሩ ጠርሙሱም ስሙም አብረው በመርከብ መጡ። ቅቤው፣ ሳሙናውና ቡናውም በዚያው መንገድ የፈረንሳይ ስማቸውን ይዘው ገብተዋል። ፈረንሳይኛው ራሱ «ቢየር»ን የተበደረው ከደቾች ሲሆን «ሴርቯዝ» የሚለውን የቀድሞ ቃሉን ገፍቶ አስወጥቶበታል። የተገፋው ቃል እህት የስፔኑ «ሴርቬሳ» ግን ባሕር ተሻግሮ ፊሊፒንስ ላይ «ሰርቤሳ» ሆኗል። ኢንዶኔዥያ በደቾች ሥር ስለነበረች «ቢር» ትላለች። እኛም «ቢራ» የምንለው ከጣሊያንኛ ወስደን ነው። እንግዲህ የቢራን ጠርሙስ መጀመሪያ ማን እንዳደረሰ ለማወቅ የጉምሩክ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ስሙ ይናገራል።

በደቡቡ፣ በሳይጎን አካባቢ፣ ሽማግሌዎቹ ቢራን «ላ ቬ» ሲሉ ይሰማል። ፈረንሳዩ «ላ ቢየር» ሲል ሰሚው «ላ» የት አልቆ ስሙ የት እንደሚጀምር ሳይለይ ሁለቱን አንድ ላይ ወሰዳቸው። እንዲህ ያለ ቃል ከመጽሐፍ አይቀዳም፤ ከሚያዝዝ ሰው አፍ በጆሮ የተለቀመ ነው።

ቢራው ብዙ ዘመን በመርከብ ሲመጣ አልኖረም። ቪክቶር ላሩ የተባለ ፈረንሳዊ በ1875 ሳይጎን ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ በ1890 ኦሜል የተባለው ሌላው ፈረንሳዊ ሃኖይ ውስጥ ጠመቃ አቋቋመ። የላሩ ድርጅት ውሎ አድሮ «የኢንዶቻይና ቢራና በረዶ ፋብሪካዎች» ተባለ። በረዶው ስሙ ውስጥ የገባው ያለ ነገር አይደለም፤ በዚያ ሙቀት በረዶ የሌለው ቢራ ጠማቂ ሩቅ አይሄድም። የድርጅቱ ስም በፈረንሳይኛ ሲያጥር ቢ-ጂ-አይ ነው። አዎ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በ1922 የተመሠረተውን የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1990ዎቹ መጨረሻ የገዛው ቢጂአይ። የቅኝ ግዛት ዘመን ሲያልፍ ድርጅቱ ዓይኑን ወደ አፍሪካ አዞረ፤ ኢንዶቻይና ይባል የነበረው «አይ»ም ኢንተርናሽናል ሆነ። ጊዮርጊስ ቢራ ጠጪ ስንቱ ነው የሜኮንግን ወንዝ አስቦ የሚያውቀው?

ሳይጎን ውስጥ «33» የሚባል ቢራ ነበር። ከ1975 በኋላ መንግሥት ሲለወጥ አንድ 3 ተጨምሮለት «333» ሆነ፤ ሲጠራ «ባ ባ ባ» ነው። ሰሜኑ በበኩሉ «ቢያ ሆይ» አለው፤ ለአማርኛ ጆሮ የምስጋና ግጥም መጀመሪያ ይመስላል እንጂ «ሆይ» ማለት እንፋሎት፣ ጋዝ ማለት ነው። በየቀኑ ከበርሜል ተቀድቶ፣ ከስባሪ ጠርሙስ በተሠራ አረንጓዴ፣ አረፋ የቋጠረ ወፍራም ብርጭቆ የሚቀርብ ቀላል ቢራ ነው። ሃኖይ ውስጥ «ቢያ ቲየፕ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ቤቶችም አሉ። ቲየፕ የቼኮዝሎቫኪያ የቬትናምኛ ስም ነው፤ አገሪቱ ከፈረሰች ከ30 ዓመት በላይ ቢሆንም በቢራ ሰሌዳ ላይ አለች። በሶሻሊስቱ ዘመን ለትምህርትና ለሥራ ወደ ፕራግ የሄደው ትውልድ ጣዕሙን ይዞ ተመልሷል።

የዛሬውን የውጭ ቢራ ንግድ ለመረዳት ደግሞ ሁለት ቅጽሎች መነሻ ይሆናሉ። «ቢያ ኖይ» የአገር ውስጥ፣ «ቢያ ንጓይ» የውጭ ነው። ኖይና ንጓይ ውስጥና ውጭ ማለት ሲሆኑ በዘመድ አጠራርም ያገለግላሉ፤ የአባት እናት «ባ ኖይ»፣ የእናት እናት «ባ ንጓይ» ናት። ስለዚህ «ንጓይ» ሲባል የግድ ባዕድ ማለት አይደለም። ቢራውም እንደዚሁ ነው፦ ሄኒከን በ1991 ከአገሬው ጋር በሽርክና ገብቶ እዚያው ስለሚጠምቅ፣ «ንጓይ» የሚባለው ጠርሙስ ባሕር ሳይሻገር ይቀርባል። በተገላቢጦሹ ደግሞ «ኖይ» የሆነው 333 የሚጠመቅበት ሳቤኮ የተባለው ኩባንያ በ2017 አብላጫ ድርሻው ወደ ታይላንድ ባለሀብቶች እጅ ገብቷል፤ ብቅሉም ከጥንት ጀምሮ ከውጭ ነው።

በእውነት ተጭኖ የመጣውን ለመለየት ሦስተኛ ቃል አለ፤ «ኘፕ ኸው»። ቃል በቃል «አፍ መግባት» ማለት ነው፤ በቻይንኛው አፍ የሚለው ምልክት የወደብ በርም ነው። ለቢራ ከዚህ የተሻለ የገቢ ንግድ ስም አላውቅም። የቤልጂግና የጀርመን ጠርሙሶች በዚህ ስም ይሸጣሉ፤ አገሪቱ ከምትጠጣው ጋር ሲተያይ ግን ጥቂት ናቸው። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተደረገው የነጻ ንግድ ስምምነት በነሐሴ 2020 ሥራ ላይ ሲውል፣ በቢራ ላይ የነበረው 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ በ10 ዓመት እንዲጠፋ ተወስኗል። ይህ ለአስመጪ መልካም ዜና ነው፤ ሆኖም አገር ውስጥ የተጠመቀውንም የሚመታው 65 በመቶ ልዩ የፍጆታ ታክስ አልቀረም። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት እስከ 2031 ደረጃ በደረጃ 90 በመቶ ይደርሳል።

ከጥር 2020 ጀምሮ ጠጥቶ መንዳት በጭራሽ ተከልክሏል፤ አንድ ጉንጭ እንኳ አይፈቀድም። ያን ጊዜ አዲስ ስም በገበያው ጎላ፤ «ቢያ ኾንግ ኮን»፣ አልኮል የሌለው ቢራ። «ኮን» የፈረንሳይኛው «አልኮል» ጭራ ነው። ሳይጎን ላይ የፈረንሳይኛው «ላ» ከስሙ ጋር ተጣብቆ ሲቀር፣ እዚህ ግን የዓረብኛው «አል» ተቆርጦ ወድቋል። የተረፈው «ኮል» የዓረብኛው «ኩህል» ሲሆን፣ እሱም ሴቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉበት የእኛው ኩል ዘመድ ነው።